ፍሪጅ የሌለው ቤት እንዴት ይዘጋል?

እንደምን አረፈዳችሁ! ከጣና የሚመጣው ነፋስ ወረቀቴን ሳይቀማኝ ልጀምር።

የተጠራሁት የትኛው አገር ኮሮናን በተሻለ እንደመከተ እንድነግራችሁ ነው። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ደረጃ አውጥቼ ባነብ ቀላል ነበር። ግን አንደኛ፣ ሁለተኛ እያልኩ መጥራቱ አልሆነልኝም።

ኒውዚላንድን ሁላችሁም ሰምታችኋል። መጋቢት 2012 ላይ ድንበሯን ዘጋች፣ ሕዝቧን ቤት አስቀመጠች፣ ተሳካላት። እሰየው! ግን ዙሪያዋን ውቅያኖስ ነው። በመተማ በኩል በእግሩ የሚገባባት ሰው የለም።

ደቡብ ኮሪያ ደግሞ አገሩን ጥርቅም አድርጋ ሳትዘጋ ነው የተወጣችው። ብልሃቱ ከየት መጣ? ከመርስ፣ ከኮሮና ጋር ከሚዛመድ የመተንፈሻ በሽታ። በፈረንጆቹ 2015 ይህ በሽታ ገብቶባት 186 ሰው ታመመ፣ 38 ሞተ። መንግሥት ክፉኛ ተወቀሰ። ከዚያ መመርመሪያ በአስቸኳይ የሚፈቀድበት ሕግ ወጣ። ኮሮና ሲመጣ ሰዉ ከመኪናው ሳይወርድ ናሙና ይሰጥ ነበር።

ፔሩ ጋ ግን ልዘግይ። ፔሩ አላንቀላፋችም። እኛ የመጀመሪያውን ታማሚ ባገኘን በሦስተኛው ቀን፣ መጋቢት 7፣ እሷ አገሩን በሙሉ ዘጋች። ወታደር መንገድ ላይ ወጣ። ሰዓት እላፊ ታወጀ። በወረቀት ላይ ካየነው እንደ እሷ የጠነከረ ጥቂት ነው። ሆኖም ከሕዝቧ ብዛት አንጻር በዓለም ላይ ብዙ ሰው ከሞተባቸው አገሮች ግንባር ቀደም ሆነች።

ለምን? ከሠራተኛው 70 በመቶ ያህሉ ሠርቶ ካላደረ የማይበላ፣ መደበኛ ሥራ የሌለው ነው። ከቤተሰቡም ግማሽ ያህሉ ፍሪጅ አልነበረውም። ፍሪጅ የሌለው ሰው የሳምንት አይሸምትም። በየቀኑ ገበያ ይወጣል፣ በሽታውም እዚያው ይጠብቀዋል። መንግሥት ድጎማ ሰጠ። ግን የባንክ ሂሳብ የሌለው ብዙ ነውና ሰዉ ባንክ በር ላይ ተጠጋግቶ ተሰለፈ። ኦክስጅንም አለቀ።

ደግሞ ቁጥሩ። ግንቦት 2013 ላይ ፔሩ ሙታኗን እንደገና ስትቆጥር፣ ከ69 ሺህ ወደ 180 ሺህ ዘለለ። ቆጥራ ያመነችው ናት ግንባር ቀደም የተባለችው፤ ይህን ልብ በሉልኝ። እኛ ዘንድ ቤቱ የሞተውን ሰው ብዙ ጊዜ እድሩ ያውቀዋል እንጂ መዝገቡ አያውቀውም።

መጋቢት 2012 መጨረሻ ላይ ባሕር ዳር ለ14 ቀን ስትዘጋ ትዝ ይላችኋል? ባጃጁ ጠፋ፤ ከተማው ጭር አለ። ጎረቤቴ አሣ ሻጭ ናት። "አሣው እስከ ነገ አይቆይልኝ፣ እኔስ ምን ልብላ?" አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ጎህ ሳይቀድ በጓሮ ወጥታ ወደ ሐይቁ ወረደች። አየኋት። ዝም አልኩ። የጤና ባለሙያ ነኝና ማስቆም ነበረብኝ። ግን አስቁሜ የምሰጣት አልነበረኝም።

ከሻይ በፊት ወረቀት ይታደላችኋል። በየቀበሌያችሁ በየቀኑ ካልወጣ የማይበላ ቤት የትኛው እንደሆነ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ስም አትጻፉ፤ ስንት እንደሆኑ ብቻ ጻፉልኝ። እስክሪብቶ የሌለው እጁን ያውጣ።