«የክርስትና ስሙስ?»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ እንኳን ለማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ በሰላም አደረሳችሁ። ታክሲ አጥታችሁ ከፒያሳ አራት ኪሎ ድረስ በእግራችሁ የመጣችሁትን እግዚአብሔር ያበርታችሁ። የሥራና የሒሳብ ሪፖርቱን ጸሐፊያችንና ገንዘብ ያዣችን ያቀርቡታል፤ እኔ አልነካካውም።

ባለፈው ዓመት ታላቅ ወንድሜ ሲያርፍ ቄሱ ለፍትሐት መጽሐፋቸውን ገለጡና «የክርስትና ስሙስ?» አሉ። 60 ዓመት አብሬው ኖሬአለሁ። የጫማ ቁጥሩን አውቃለሁ፣ ቡናው ውስጥ ስንት ማንኪያ ስኳር እንደሚጨምር አውቃለሁ። ስሙን ግን አላውቀውም። ባለቤቱን አየኋት፤ እሷም እኔን አየች። ቄሱ ጣታቸውን ገጹ ላይ አድርገው ጠበቁ። ኋላ ላይ አክስታችን ከሴቶቹ መካከል ሆነው «ገብረ መድኅን!» አሉ፤ ፍትሐቱም ቀጠለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ ከራሴ አልወጣም። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ፣ ገና አፋቸውን ሳይፈቱ፣ ማንነታቸው ይነገርላቸዋል፦ ገብረ፣ ወለተ፣ አመተ። አገልጋዩ ነህ፣ ልጁ ነሽ ይባላሉ። «ክርስቲያን» የሚለውም ስም ቢሆን በአንጾኪያ ደቀ መዛሙርቱ «ተባሉ» ነው የሚለው (ሐዋ. 11፥26)፤ ራሳቸውን እንዲህ ብለው ጠሩ አይልም። በአዲስ ኪዳን ቃሉ የሚገኘው 3 ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዱም ከንጉሥ አግሪጳ አፍ የወጣ ነው።

እዚሁ ጎረቤታችን ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፉት ንጉሠ ነገሥት ተፈሪ መኮንን ሲባሉ ኖረው፣ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ የክርስትና ስማቸውን ወደ አደባባይ አወጡት፦ ኃይለ ሥላሴ። (ምኒልክ ተቃራኒውን አድርገዋል፤ ሣህለ ማርያምን ትተው በምኒልክ ነገሡ።) «ታዲያ ስሙ ከ1966ቱ አብዮት አዳናቸው ወይ?» የሚለኝ ይኖራል። አላዳናቸውም። ስሙን እንደ ክታብ የሚያስረው ሰው ከመጀመሪያው ተሳስቷል።

ኃይሉን የማየው ሌላ ቦታ ነው። «አማኝ» ስንል ማመናችንን ብቻ እንናገራለን። የግእዙ «ምእመን» ግን የታመነም ማለት ነው። እቁብ ደርሶት ከወሰደ በኋላ ስልኩን የሚዘጋ ሰው «ምእመናን ሆይ» ሲባል ቃሉ ሊቆረቁረው ይገባል። ካልቆረቆረው ቃሉን አልሰማውም።

ሌላው «እኔ ኃጢአተኛ» የምንላት ነገር ናት። ሕሙማንን ጠይቁ ሲባል «እኔ ኃጢአተኛ ምን አቅም አለኝ?» ይባላል። እኔም ለዚህ ወንበር ስመረጥ ብያታለሁ፤ እውነቱን ልናገርና፣ ሥራውን ፈርቼ ነበር። ትሕትና አልነበረም። በቅዳሴ ካህኑ «ቅድሳት ለቅዱሳን» ሲል እኛን ቅዱሳን ይለናል፤ እኛ ደግሞ ቅዱስ አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ ነው ብለን እንመልሳለን፤ ወዲያውም «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እንላለን። እዚያ ግን ማንም ከቤተ ክርስቲያን አይወጣም። ምሕረት ለምነን ወደ ቁርባኑ እንቀርባለን እንጂ ሰበብ ይዘን ወደ ቤት አንሄድም።

አሁን ወደ ተግባሩ። ጠዋት በር ላይ የተሞላውን የአባላት መዝገብ አየሁት። ስም፣ ስልክ፣ ክፍለ ከተማ ሞልታችኋል። «የክርስትና ስም» የሚለው ዓምድ ብዙው ባዶ ነው። የሻይ ሰዓት ላይ ሞልታችሁ ግቡ። የረሳችሁ የክርስትና አባታችሁ ወይም እናታችሁ በሕይወት ካሉ አሁኑኑ ደውሉላቸው፤ መዝገቡ ከጸሐፊያችን ጋር፣ በስተግራ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው።