ጥቁሩ ድንጋይ፣ የቆርቆሮው አበባ እና ታንታለም፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ፕሮግራማችን ታንታለም ስለሚባለው ከባድ ብረት ትንሽ ካወራን ወዲህ ስልኩ አላረፈም። ሰዓት ስላጠረን ያልደረስኩባቸውን ጥያቄዎች እዚህ ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከሻኪሶ፦ «ወንድሜ ከቀንጢቻ አካባቢ ጥቁር ከባድ ድንጋይ አምጥቶ ታንታለም ነው አለኝ። ወርቅ አንጥረኛ ጋ ባስቀልጠው ብረቱ ይወጣል?»

አይወጣም ወንድሜ፣ ብርህን አትጨርስ። ወርቅ በ1,064 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ተራው ብረት በ1,538፣ ታንታለም ግን 3,017 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል። ወናፍ የትም አያደርሰውም። ደግሞ ድንጋዩ ብረቱ አይደለም። ታንታላይት የሚባለው ጥቁር ማዕድን ውስጥ ታንታለሙ ከኦክስጅን፣ ከተራው ብረትና ከማንጋኒዝ ጋር ተቆላልፎ ነው ያለው፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ መንታው፣ ኒዮቢየም የሚባለው ብረት፣ አብሮት ይገኛል። እነዚህ ሁለቱ ስንቱን ኬሚስት አሳስተዋል መሰለህ! ስዊድናዊው ኤከበርግ ታንታለምን በ1802 አገኘ፣ በ1809 እንግሊዛዊው ዎላስተን «የለም፣ ሁለቱ አንድ ናቸው» አለ፣ ጀርመናዊው ሮዘ የተለያዩ መሆናቸውን እስኪያሳይ ድረስ 1844 ደረሰ።

ፋብሪካዎች ሁለቱን የሚለዩት ማዕድኑን በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ አሟሙተው ነው። ይህ አሲድ ቆዳ አልፎ አጥንት ድረስ የሚገባ ነው፣ ሰው ይገድላል፣ እና ጓሮ ውስጥ የሚሞከር ነገር አይደለም። አንድ ነገር ልጨምር፦ እንዲህ ያለ ማዕድን ውስጥ ጨረር የሚረጩት ዩራኒየምና ቶሪየም ሊኖሩ ስለሚችሉ ድንጋዩን አልጋ ሥር አታስቀምጠው። ለማዕድን ቢሮ አሳይና ያስመርምሩልህ።

ከኮምቦልቻ፣ ተማሪ፦ «ክሪስታል ሲባል እኔ የማውቀው ጨውና አልማዝ ነው። ብረት እንዴት ክሪስታል ይሆናል?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። አዲስ የቆርቆሮ ጣሪያ ጠጋ ብለሽ አይተሽ ታውቂያለሽ? ብዙ ጊዜ ላዩ ላይ እንደ አበባ፣ እንደ ተሰነጠቀ በረዶ የሚመስል ነገር አለ። አንዱ ቁራጭ ያበራል፣ ጎረቤቱ ደብዘዝ ይላል። እሱ ቆርቆሮው የተነከረበት ዚንክ ሲረጋ የሠራቸው ክሪስታሎች ናቸው። አቶሞች በሥርዓት ተሰልፈው ከተቀመጡ ክሪስታል ነው፣ መስታወት መምሰል የለበትም። ብረቶች ሁሉ ማለት ይቻላል እንዲህ ናቸው፤ ብቻ ክሪስታሎቹ በጣም ከማነሳቸው የተነሳ በዓይን አይታዩም።

ታንታለምን አንድ ወጥ ክሪስታል ማድረግ ሲፈለግ ቀጭን ዘንግ ቫክዩም (አየር የሌለበት ክፍል) ውስጥ ይቆማል፣ በኤሌክትሮን ጨረር አንድ ጠባብ ቦታው ብቻ ይቀልጣል፣ ከዚያ ያ የቀለጠ ቀለበት ከዘንጉ ጫፍ እስከ ጫፍ በዝግታ ይነዳል፤ ከኋላው የሚረጋው ብረት የፊተኛውን ሰልፍ እየተከተለ ይደረደራል፣ ቆሻሻውም አብሮ ወደ ጫፍ ይጠረጋል።

እኔን ከሁሉም የሚያስገርመኝ ግን የአውሮፕላን ሞተር ነው። የጋለው ጋዝ የሚመታቸው የተርባይን (ጋዙ የሚያሽከረክረው መዘውር) ምላሶች ከኒኬል ቅይጥ የተሠሩ ሆነው ታንታለም ይጨመርባቸዋል፤ ሲኤምኤስኤክስ-4 የሚባለው ቅይጥ ውስጥ 6.5 በመቶ ያህል አለ። እያንዳንዱ ምላስ አንድ ክሪስታል ነው! ሻጋታው ግርጌ ላይ እንደ አሳማ ጭራ የተጠማዘዘ ቀጭን መተላለፊያ አለ፤ ብዙ ክሪስታሎች ከታች ማደግ ይጀምራሉ፣ ጠመዝማዛውን አልፎ የሚወጣው ግን አንዱ ብቻ ነው፣ እሱ ምላሱን ሙሉ ይሞላዋል። በክሪስታሎች መካከል ያለው ወሰን በሙቀት ቶሎ የሚላላ ቦታ ስለሆነ፣ ምላሱን አንድ ክሪስታል ማድረግ ወሰኑን ጨርሶ ማጥፋት ማለት ነው።

ከዱባይ፣ ብየዳ ሠራተኛ፦ «ሙቀት የማይበግረው ከሆነ ለምን ምድጃ አንሠራበትም?»

ይሠራበታል፣ ግን አየር በሌለበት ምድጃ። ሙቀት ይችላል የሚለውን ሰው ሁሉ ያጋንነዋል። ክፍት አየር ላይ ገና ከ300 ዲግሪ በላይ ሲሆን ኦክስጅን ይበላው ይጀምራል፣ እየሞቀ ሲሄድም ይሰባበራል። የሚደነቀው አሲድ ላይ ነው፤ ከላይ ካነሳነው ሃይድሮፍሎሪክ በቀር አብዛኛው አሲድ አይነካውም። ስሙም ከዚያ ነው የመጣው፦ ታንታሉስ በግሪክ ተረት ውሃ ውስጥ ቆሞ መጠጣት የማይችል ሰው ነው፣ የታንታለም ኦክሳይድም (ከኦክስጅን ጋር የተዋሃደው ታንታለም) አሲድ ውስጥ ተነክሮ ምንም አይጠጣም።

ከቨርጂኒያ፦ «ኦንላይን ግራጫ የሚያብረቀርቅ ‹የታንታለም ክሪስታል› ገዛሁ። እውነተኛ መሆኑን በምን ልወቅ?»

የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ካለሽ ይበቃል። መጀመሪያ ክሪስታሉን መዝኚ፣ 50 ግራም ሆነ እንበል። ከዚያ ውሃ የያዘ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠሽ ዜሮ አድርጊው። ክሪስታሉን በክር አስረሽ ውሃው ውስጥ አንጠልጥይው፣ ታችም ጎንም እንዳይነካ። ሚዛኑ የሚያሳየው ክሪስታሉ የገፋውን ውሃ ክብደት ነው፤ ወደ 3 ግራም ካሳየ ሸጋ ነው፣ 50 ለ3 ሲካፈል 16.7 ገደማ ይመጣል፣ የታንታለም እፍጋት (ከውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ) እሱ ነው። ከ6 በላይ ካሳየ ተራ ብረት ወይም መሰሉን ሸጠውልሻል። በሽታ ይፈውሳል ብለው ከሆነ የሸጡልሽ ግን ሚዛንም አያስፈልግሽ፣ ውሸት ነው።

ከአዲስ አበባ፦ «እናቴ እግሯ ውስጥ ብረት ገብቶላታል። ታንታለም ይሆን?»

ምናልባት ታይታኒየም ወይም ስቴንለስ ስቲል ነው፣ በብዛት የሚገባው እሱ ነው። ታንታለምም ሰውነት ስለማይቆጣው ለራስ ቅል ጥገና ሳይቀር ገብቷል። የቀዶ ሕክምና ወረቀቷ ላይ ይጻፋል፣ እዩት።

ከመርካቶ፣ የስልክና የላፕቶፕ ጠጋኝ፦ «ቦርድ ላይ ያሉት ቢጫ ካፓሲተሮች ለምን ሲቃጠሉ እንዲያ ይነዳሉ?»

እነዚህ ቻርጅ የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች ውስጣቸው የታንታለም ዱቄት ነው፣ በሙቀት ተጣብቆ እንደ ስፖንጅ የሆነ። የእያንዳንዱ ቅንጣት ገጽ ላይ በጣም ስስ ኦክሳይድ አለ፣ ቻርጁን የሚለየው እሱ ነው። የሚያስቀው ይህ ነው፦ ስንት ስለ ክሪስታል አውርተን፣ ይህ ኦክሳይድ የሚሠራው ክሪስታል ሳይሆን ነው! በቮልቴጅ ብዛት ክሪስታል መሥራት ከጀመረ ከረንት ያፈሳል፣ ከዚያ ሾርት፣ ከዚያ እሳት። ስለዚህ 16 ቮልት የተጻፈበትን 8 ቮልት አካባቢ ላይ ብቻ ተጠቀምበት። ላዩ ላይ 107 ተብሎ ከተጻፈ የሚይዘው መጠን 100 ማይክሮፋራድ ነው ማለት ነው። ጫፉ ላይ ያለው መስመር ደግሞ ፕላስ ነው፤ በክቡ አሉሚኒየም ካፓሲተር ላይ መስመሩ ማይነስ ስለሆነ ብዙ ልጆች እዚህ ጋ ነው ገልብጠው የሚበይዱት።