አንጣላም

እሺ፣ ሰላም ናችሁ። ዛሬም ብቻዬን ነኝ። ከጀርባ የባጃጅ ድምፅ ከሰማችሁ ቤቴ መንገድ ዳር ነው፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ባጃጅ አይተኛም።

ዛሬ ስለ ብር ነው። ትልቅ ብር እንዳይመስላችሁ፣ ቅዳሜና እሁድ የሰው ሣር አጭጄ ስለማገኛት ብር ነው። መደበኛ ሥራዬ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነው። እቃ ሲገባ ሞዴል 19 የሚባል ቅጽ፣ ሲወጣ ሞዴል 22፣ አንዲት ብሎን ያለ ፊርማ አትወጣም። እንደዚህ እየቆጠርኩ የምውል ሰው የራሴን ድካም ለመቁጠር ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

እቁብ ሲደርሰኝ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል የሣር ማጨጃ ማሽን ገዛሁ። የመጀመሪያው ሥራ ከደሴ መጣ፣ ገራዶ። የአባቴ ወዳጅ የሆኑ ሽማግሌ ናቸው። ስልክ ላይ "አንድ ጥማድ ናት፣ ስንት ልስጥህ?" አሉኝ። እኔ ምን አልኩ? "ኧረ ጋሼ፣ አንጣላም!"

አንጣላም። ይህን ቃል የማያውቅ ሰው አለ? አናጢውም፣ ቧንቧ ሠሪውም፣ ሸክም የሚያወርደውም ይላታል። ስትባል ደስ ትላለች፣ ሥራው አልቆ ብር ሲቆጠር ግን ሁለታችሁም አንገታችሁን ትደፋላችሁ።

በማግስቱ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ወጣሁ። የሚኒባሱ ረዳት ማሽኑ ቤንዚን ይሸታል ብሎ የአንድ ሰው ሒሳብ ተቀበለኝ፣ ወንበር እንኳ አልሰጠውም። ደረስኩ። ጥማድ የተባለው መሬት በእርምጃ ስለካው ሁለት ጥማድ አልፏል። ጥማድ መቼም የበሬ ልክ ነው፣ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ማለት ነው፣ እና የማን በሬ እንደሆነ ማን ይጠይቃል? ሣሩ ውስጥ ደግሞ ድንጋይ ተደብቋል። አንዱን መታሁትና ምላጩ ተሰነጠቀ። ሁለት ቀን ሠራሁ። ምሳ በደንብ በላሁ፣ ቡናው እስከ በረካ ድረስ ተጠጣ፣ ተመረቅኩ። ከዚያ 1,000 ብር በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

ማታ ደብተሬ ላይ ደመርኩ። ቤንዚን፣ ዘይት፣ መንገድ፣ ምላጭ፦ 1,640 ብር። 640 ብር ከኪሴ ጨምሬ ነው የሰው ሣር ያጨድኩት።

ሰውየው ክፉ አይደሉም፣ ይህን ልብ በሉልኝ። በእሳቸው ሒሳብ በማጭድ የሚያጭድ የቀን ሠራተኛ በቀን 500 ነው፣ እኔ ሁለት ቀን ዋልኩ፣ አለቀ። ማጭድ ቤንዚን አይጠጣም፣ ካንዴላ አይቀየርለትም። የኔ ማሽን ወፍራም ሣር ላይ በሰዓት አንድ ሊትር ገደማ ትጠጣለች፣ ለእያንዳንዱ ሊትር ደግሞ 40 ሚሊ ሊትር ዘይት ይቀላቀላል። ማደያ ቤንዚን ሲጠፋ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን መግዛት አለ፣ ዋጋውን እናንተው ታውቁታላችሁ። ይህን ሁሉ ካልነገርኳቸው በምን ያውቁታል?

ሌላም ነገር አለ። እኛ ያደግነው ሣር በደቦ ሲታጨድ እያየን ነው። ደቦ ላይ "ስንት ነው?" የሚል ሰው የለም። ዛሬ የእሱ፣ ነገ የኔ ነው፣ መብላት መጠጣቱ ከባለቤቱ። ስለዚህ የአባቴን ወዳጅ "2,500 ብር" ስል የሆነ ነገር የሰረቅኩ ይመስለኛል። ግን ገራዶ ድረስ ማሽን ተሸክሜ የሄድኩት ለደቦ አልነበረም፣ እኔ የማሳጭደው ሣር የለኝም!

በሌላ በኩልም አጥፍቻለሁ። እዚሁ ኮምቦልቻ አንድ ሰውዬ ግቢውን ሊያሳየኝ መጣ፣ መኪናውን አየሁና ልቤ ውስጥ ካለው ዋጋ እጥፉን ጠራሁ። ሳያቅማማ "እሺ" አለ። ብሩን ወሰድኩ፣ ግን ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሳየው ወደ ሌላ ነው የምዞረው። እና በመኪና ዋጋ መጥራት ትቻለሁ።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። መሬቱን ሳልረግጥ ዋጋ አልጠራም። በእርምጃ እለካለሁ፣ ካሬ ሜትሩን በአንድ ብር። 50 በ50 ከሆነ 2,500 ብር ማለት ነው። ድንጋያም ከሆነ ወይ ባለቤቱ ያስለቅማል፣ ወይ ግማሽ ዋጋ ይጨመራል። ሣሩ ለምን እንደሚፈለግም እጠይቃለሁ። ግቢ ለማጽዳት ከሆነ ማሽኑ ላይ በምላጩ ፋንታ ናይሎን ክር አድርጌ ቀጨም ቀጨም አድርጌው እሄዳለሁ። ለድርቆሽ ከሆነ ግን ክር ሣሩን ይከታትፈዋል፣ ስለዚህ በምላጭ፣ ቀስ ብሎ፣ በአንድ ወገን እያስተኙ ነው። ጊዜ ይበላል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ብዙ ሰው ሣሩ እንዲበዛለት ብሎ ኅዳር ድረስ ይጠብቃል፣ ያኔ ክምሩ ትልቅ ይሆናል፣ ላሟ የምታገኘው ግን ገለባ ነገር ነው። ሲያብብ ቢታጨድ ይሻላል እላለሁ። አንዳንዱ ሥራ ፈልጌ የምቀባጥር ይመስለዋል።

ቅናሽ አደርጋለሁ፣ ለምን አላደርግም። ጎረቤቴ ያሉ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት አሉ። "ዋጋው 600 ነው እማማ፣ ከእርስዎ 200 ነው የምቀበለው" አልኳቸው። ድሮ ቢሆን ዝም ብዬ 200 እል ነበር። ከዚያ ልጃቸው አዲስ አበባ ሆኖ ለሰው ሁሉ 200 ነው ብሎ ያወራል።

እና ባለፈው ማክሰኞ የገራዶው ጋሼ ደወሉ። ሣሩ ደርሷል። ወንበሬን ይዤ "5,000 ብር ነው ጋሼ" አልኳቸው። ዝም አሉ። የመስመሩ ነገር መስሎኝ "ሃሎ?" አልኩ።

"ባለፈው 1,000 አልነበር እንዴ?"

"ባለፈው አንጣላም ብዬዎት ነው።"

"ታዲያ አሁን ልንጣላ ነው?"

ሁለታችንም ሳቅን። ነዳጁንም፣ የተሰነጠቀውንም ምላጭ ነገርኳቸው። "ያኔ አትናገርም ኖሯል?" ብለው ተቆጡኝ። በ4,000 ብር ጨረስን፣ ለእናቴ ላም ደግሞ ሦስት ሸክም ሣር። ድንጋዩን ልጆቹ እስከ ዓርብ ይለቅማሉ ብለዋል። ቅዳሜ ጤዛው ሲለቅ እጀምራለሁ።