የነሐሴ ንባቤ፦ ሹማምንቱ ብዕር ሲያነሱ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከኋላ የሚሰማችሁ የክረምቱ ዝናብ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የሚችለው የለምና ታገሡኝ።

ነሐሴን እጄ የገባውን ሳነብ ነው የከረምኩት። አንድ የጉዞ መጽሐፍ፣ አንድ ግለ ታሪክ፣ አንድ ልብ ወለድ፣ በየመሀሉ ደግሞ ግጥም። ግጥሙን ሌላ ቀን አወራዋለሁ። አንድ አዲስ ልብ ወለድም ጀምሬ ግማሽ ሳይደርስ ተውኩት፤ ስሙን አልጠራም። ደራሲው ሰው ሁሉ እንዲፈላሰፍ ይፈልጋል፦ ሊስትሮው ይፈላሰፋል፣ የታክሲው ረዳት ሒሳብ እየተቀበለ ይፈላሰፋል። ኧረ እባካችሁ!

ወሩ ሊያልቅ ሲል ግን ምን አስተዋልኩ መሰላችሁ? ያነበብኳቸው የሦስቱም መጻሕፍት ጸሐፊዎች የመንግሥት ሹማምንት ናቸው። አስቤበት አይደለም፣ እንዲሁ ገጠመኝ። ከዚያ በኋላ ይቺ ጥያቄ አልለቀቀችኝም፦ ሹመት የሰውን ብዕር ምን ያደርገዋል?

የመጀመሪያው የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ነው። በስልኬ፣ ፊደሉ የደበዘዘ ስካን ላይ ነው ያነበብኩት፤ ዓይኔ አለቀ። ኅሩይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ በ1924 ዓ.ም. የመልእክተኞች ቡድን መርተው ጃፓን ሄዱ፣ ያዩትንም ጻፉ። መልእክተኛ ሆኖ የሄደ ሰው ያስተናገደውን አገር አያማም። ስለዚህ አድናቆቱ ይበዛል፤ እውነቱን ለመናገር አንዳንድ ቦታ ሰለቸኝ። ግን ከአድናቆቱ ሥር አንድ ጉጉት አለ፦ ነጭ ሳይገዛው በራሱ እጅ የሠለጠነ አገር አለ፣ እኛስ? ያ ትውልድ በዚህ ጥያቄ ሲቃጠል ነበር። የሚከብደው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ጣሊያን አገራችንን ወረረ፤ በ1929 ዓ.ም. ያቺው ጃፓን ለጣሊያን ይዞታ ዕውቅና ሰጠች። ኅሩይ ያኔ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በስደት እንግሊዝ አገር ነበሩ፤ በ1931 እዚያው ባዝ ከተማ ዐረፉ። ይህን እያወቁ ያንን ሁሉ ምስጋና ማንበብ ሆድ ያባባል።

ሁለተኛው የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «የሕይወቴ ታሪክ» ነው። ከኅሩይ መጽሐፍ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ደስ አለኝ። በሐምሌ 1923 የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥታችንን ያረቀቁት እኚህ ሰው ናቸው፤ ሲያረቁም መነሻቸው የጃፓኑ የሜጂ ሕገ መንግሥት ነበር። ኅሩይ ገና መርከብ ሳይሳፈሩ ጃፓን በወረቀት አዲስ አበባ ገብታ ነበር ማለት ነው።

የሰውየው ሕይወት ጉድ ነው። በልጅነታቸው ዐድዋ ዘመቱ፣ ከዚያ ሩሲያ ተወሰዱ፣ እዚያው አድገው የመድፍ ትምህርት ተምረው ተመለሱ። ቴአትርም ጽፈዋል፤ በአውሬዎች ተረት አስመስለው ሹማምንቱን የሚሸነቁጥ። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ጄኔቭ፣ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ ኢትዮጵያ ተከራከሩ። መጽሐፉ የታተመው ግን በ1999 ነው፤ እሳቸው ካረፉ ከሠላሳ ዓመት በኋላ! እኔ የሚጥመኝ የአጻጻፋቸው ነጻነት ነው። ማንንም ደጅ አይጠኑም። ትልቁን ሰው ትልቅ ነው ብለው አያልፉትም፣ ራሳቸውንም አይንቁም፤ እንዲያውም በብዙ ጠብ ውስጥ ትክክል ሆነው የሚወጡት እሳቸው ናቸው፣ አንባቢ ፈገግ ይላል። በተለይ የዐድዋውን ክፍል አንብቡት። የምናውቀው ዐድዋ የነገሥታትና የጀግኖች ነው፤ እዚያ ግን ሰልፉን ከታች ወደ ላይ የሚያይ ልጅ ታገኛላችሁ።

ሦስተኛው «ኦሮማይ» ነው። ድሮ ያነበብኩት ነው፣ ደግሜ ነው። በዓሉ ግርማ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ነበር። በ1974 ደርግ በኤርትራ አማፅያን ላይ የከፈተው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ሲካሄድ እሱም አስመራ ነበር፣ የዘመቻው ፕሮፓጋንዳ ሥራ ላይ። ልብ ወለዱን በ1975 አወጣው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ፀጋዬም የዘመቻውን ዜና ሊሠራ ወደ አስመራ የተላከ ጋዜጠኛ ነው። ድሮ ሳነበው ዓይኔ የፀጋዬ ፍቅረኛ ፊያሜታ ላይ ብቻ ነበር፤ ወጣት ነበርኩ፣ ምን ይደረግ። አሁን ግን የያዘኝ የስብሰባዎቹ ነገር ነው። ሰዎቹ ድሉን አስቀድመው ሲያውጁ፣ ፀጋዬ እየሰማ ሲጽፍ። ይህን ሊያውቅ የሚችለው እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጠ ሰው ነው።

እንግዲህ ልዩነቱን እዩት። ኅሩይ በሹመታቸው ላይ ሆነው ለሹመታቸው ጻፉ። ተክለ ሐዋርያት የጻፉትን ያነበብነው ሰውየው ካለፉ በኋላ ነው። በዓሉ ወንበሩ ላይ ሆኖ ስለዚያው ወንበር ጻፈ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ እሱ ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ቤተሰቡ እስከ ዛሬ መቃብሩን አያውቅም። እዚህ ጋ ስደርስ ስለ አጻጻፍ ስልት ማውራት ያሳፍረኛል፣ ግን ልበለው፦ ከሦስቱ በአሳብም በቋንቋም ትኩስ ሆኖ ያገኘሁት የእሱን ነው።

ለመስከረም «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ደግሜ ልይዝ አስቤ ነበር። ከዚያ ትዝ አለኝ፣ ሀዲስ ዓለማየሁም አምባሳደርና ሚኒስትር ነበሩ! ስለዚህ ይቆየኝ። ከእናንተ የምፈልገው ሌላ ነው፤ የመንግሥት ወንበር ላይ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው የጻፈው ግለ ታሪክ የምታውቁ ጻፉልኝ። የሾፌር ይሁን፣ የነጋዴ፣ የገበሬ፣ ቤት ሠራተኛ ሆና ዓረብ አገር የኖረች እኅት የጻፈችውም ይሁን። ቀድሞ የደረሰኝን አነባለሁ። ደኅና ሰንብቱ።