ሊቲየም 6 ለምን አነሰብን?

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

ስለ ሊቲየም ላወራችሁ ነው የመጣሁት። ያው ባትሪ ውስጥ ያለው ሊቲየም ነው። ዛሬ ግን ባትሪውን እንተወውና ወደ ኒውክለሱ፣ ማለትም ወደ አተሙ እምብርት፣ እንሂድ። ሊቲየም በተፈጥሮ በሁለት ዓይነት ይገኛል፦ ሊቲየም 6 ሦስት ፕሮቶንና ሦስት ኒውትሮን አለው፤ ሊቲየም 7 ደግሞ አንድ ኒውትሮን ይጨምራል። ጥያቄዬ የሊቲየም 6 ኒውክለስ በአንድ ልኬት ለምን አንሶ ይታያል የሚል ነው።

ልኬቱን በዓይን ማየት ደስ ይላል። ቁራጭ ሊቲየም አየር በወጣለት ዕቃ ውስጥ ይሞቃል። ትነቱ በጠባብ ቀዳዳ ሲወጣ ቀይ ሌዘር ያቋርጠዋል። የሞገድ ርዝመቱ 671 ናኖሜትር ነው። የሌዘሩን ፍሪኩዌንሲ ቀስ እያልን ስንቀይር፣ ትነቱ ድንገት ቦግ ይላል። ከዚያ ይጠፋል። ትንሽ አለፍ ስንል እንደገና ቦግ! አንድ የመሰለን መስመር፣ ማለትም ትነቱ ቦግ የሚልበት ፍሪኩዌንሲ፣ ለካ ተሰንጥቋል።

የሰነጠቀው ኒውክለሱ ነው። እሱም እንደ ኤሌክትሮኑ ትንሽ ማግኔት ነው። የሁለቱ ማግኔቶች አቅጣጫ ሲለያይ የአተሙም ኃይል ይለያያል። ሃይፐርፋይን የምንለው ይህንን ነው። በዝቅተኛው የኃይል ደረጃ ክፍተቱ ለሊቲየም 7 ወደ 803.5 ሜጋኸርዝ፣ ለሊቲየም 6 ወደ 228.2 ሜጋኸርዝ ነው።

ኒውክለሱ ነጥብ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ግን ስፋት አለው። ስፋቱ ክፍተቱን በጥቂቱ ያጠበዋል። ከዚያች ቅናሽ ተነስተን የኒውክለሱ ቻርጅና ማግኔት አብረው ምን ያህል እንደተሰራጩ እናሰላለን። ይህ የዘማክ ራዲየስ ይባላል።

እንቅልፍ የሚነሳኝ እዚህ ጋ ነው። በቻርጅ ስርጭት ከሄድን ትልቁ ሊቲየም 6 ነው። ራዲየሱ 2.59 ፌምቶሜትር (ፌምቶሜትር የሚሊሜትር ትሪሊዮንኛ ነው) ሲሆን፣ የሊቲየም 7 ደግሞ 2.44 ነው። በሃይፐርፋይን ስናሰላ ግን ሊቲየም 6 በግልጽ አንሶ ይገኛል። ልኬቱ ተደገመ፤ ነገሩ ግን አልተለወጠም።

እኔን የሚያሳምነኝ ማብራሪያ ኒውክለሱ ግትር አይደለም የሚለው ነው። ኤሌክትሮኑ ሲቀርበው ይናወጣል። ሊቲየም 6 ደግሞ ልል ነው። ወደ ሂሊየም 4 እና ዲዩትሮን (አንድ ፕሮቶንና አንድ ኒውትሮን የተጣመሩበት ኒውክለስ) ለመለየት 1.47 ሚሊዮን ኤሌክትሮንቮልት ብቻ ይበቃዋል። ሊቲየም 7 ግን ወደ ሂሊየም 4 እና ትሪቶን (አንድ ፕሮቶንና ሁለት ኒውትሮን) ለመለየት 2.47 ገደማ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ይህችን ልዩነት የመሣሪያ ስህተት ብለን አንለፋት። ዲዩትሮን ድፍን ክብ አለመሆኑን በ1939 የፊዚክስ ሊቁ የኢሲዶር ራቢ ቡድን ያወቀው እንዲህ ያለችውን ጥቃቅን ፈቀቅታ ባለመናቁ ነው።

ቀጣዩ ሥራ ኤሌክትሮኑን በሚዩኦን መተካት ነው። ሚዩኦን የኤሌክትሮን ዘመድ የሆነ ቅንጣት ነው፤ ከኤሌክትሮን 207 ጊዜ ገደማ ይከብዳል። ስለዚህ ኒውክለሱን በጣም ተጠግቶ ይዞራል፤ ስፋቱም በጉልህ ይታየዋል። ሙከራው ከባድ ነው። ስሌቱም እንደዚያው። ሁለቱንም የሚሠሩ ወጣቶች እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስላሉ ነው ይህን ሁሉ የተናገርኩት።

አመሰግናለሁ።