ሕክምናን የተወው ሐምሌት

እንደምን አመሻችሁ? ወላጆች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ በተለይ ደግሞ ከኋላ ተደርድራችሁ ስልካችሁን ለመደበቅ የምትታገሉ ወጣቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

አዘጋጆቹ ስለ አንድ ወጣት እንግሊዛዊ የመድረክና የቴሌቪዥን ተዋናይ እንድናገር ሲጠይቁኝ ማንን እንደምመርጥ ለእኔ ተዉልኝ። ፓፓ ኤሲየዱን መረጥኩ። ስሙን ስትሰሙ "ይሄ ደግሞ ምኑ እንግሊዛዊ ነው?" ያላችሁ አትጠፉም። በ1990 እዚሁ ለንደን ተወልዶ ዋልተምስቶው ያደገ ልጅ ነው። ቤተሰቦቹ ከጋና የመጡ ናቸው። የእናንተ ልጆች እንግሊዛዊ ከሆኑ እሱም እንግሊዛዊ ነው። በነገራችን ላይ ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። እዚህ አገር ስንኖር ሁለት ካላንደር መያዝ ለምዶብን የለ?

ልጆቹ ስሙን የሰሙት በኤፕሪል 2025 ይመስለኛል። የአሜሪካው የቴሌቪዥን ድርጅት ኤችቢኦ የሃሪ ፖተርን መጻሕፍት እንደ አዲስ በተከታታይ ድራማ ሊሠራ መሆኑን አስታውቆ፣ የአስማት ትምህርት ቤቱን አስተማሪ ፕሮፌሰር ስኔፕን እሱ እንደሚጫወት የተናገረው ያኔ ነው። ኢንተርኔቱ ተንጫጫ። "ስኔፕ ነጭ ነው" የሚለው በዛ። ከዚያም አልፎ ወራዳ የዘረኝነት ስድብ መጣ። እኔን ግን ከስድቡ ይልቅ የገረመኝ ሌላ አስተያየት ነው። "ይሄን ቦታ የሰጡት ቆዳውን አይተው ነው፣ ልጁ ምን ሠርቶ ያውቃል?" የሚሉ ነበሩ። ምን ሠርቶ ያውቃል? እስቲ እናየዋለን።

ከሐበሻ ወላጅ ጆሮ በማይጠፋው ነገር ልጀምር። ፓፓ ሐኪም ሊሆን ነበር። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ሕክምና እንዲማር ተቀብሎት ነበር። አያችሁ፣ ዩሲኤል ነው! እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያ ደብዳቤ የደረሰበት ቤት ቢኖር በግ ይታረድ ነበር። እሱ ግን ደብዳቤውን ወደ ጎን ትቶ ጊልድሆል የሙዚቃና የድራማ ትምህርት ቤት ገባ። ያሳደገችው እናቱ ብቻዋን ነች። የፋሽን አስተማሪ ነበረች። ልጇ የድራማ ትምህርቱን ሳይጨርስ በሕመም አረፈች። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ አላየችም።

ጊልድሆል የገባበት ጊዜ ራሱ ሊነገር ይገባዋል። ያኔ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ጣሪያው በዓመት ከሦስት ሺህ ፓውንድ ጥቂት ፈቅ ያለ ነበር። እሱ በተመረቀበት በ2012፣ አዲስ ለሚገቡት ጣሪያው ወደ ዘጠኝ ሺህ ተሰቀለ። አሁን ከዚያም በልጧል። ያቺ እናት ዘጠኝ ሺህ ቢሏት ኖሮ ልጇ ሕክምናውን ይተው ነበር? እኔ እንጃ። ብቻ ስለ ተሰጥኦ ስናወራ ስለ ክፍያውም እናውራ እላለሁ።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ የክፍል ጓደኛው ማን እንደነበረች ታውቃላችሁ? ሚካኤላ ኮል። እሷም የጋና ልጅ፣ እሷም የለንደን ልጅ። ኮል ስትገባ ትምህርት ቤቱ በአምስት ዓመት ውስጥ የተቀበላት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ተማሪ እንደነበረች ተናግራለች። ፓፓ ደግሞ በ2022 ለጋዜጣ የነገረው አንድ ታሪክ አለ። ያለ ጽሑፍ በሚደረግ የትወና ልምምድ ላይ አንድ አስተማሪ የእስር ቤት ጠባቂ ሆኖ ሲጫወት፣ በጥቁሮች ላይ የሚወረወረውን ያንን አስቀያሚ ቃል በተማሪዎቹ ላይ ወረወረ። ልጆቹ ምን ይበሉ? አስተማሪ ነው፣ "ትወና ነው" ይባላል። ትምህርት ቤቱ በኋላ በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። ይህን የምነግራችሁ ልጆቻችሁን ድራማ ከመማር ልታስቆሟቸው አይደለም። ልጃችሁ ከድራማ ክፍል ፊቱ ጠቁሮ ቢመጣ "ምን ሆንክ?" ብላችሁ እንድትጠይቁት ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንሂድ። ልጁ እንደተመረቀ በ2012 ሮያል ሼክስፒር ካምፓኒ ገባ። ከለንደን ራቅ ብላ ሼክስፒር በተወለደባት ስትራትፎርድ ከተማ ያለው ነው። ትንንሽ ቦታዎች ተጫወተ። ይሄኛው ክፍል ብዙ የሚወራለት አይደለም፣ እኔም አልፈዋለሁ።

2014 ላይ ግን ቆም እንበል። ናሽናል ቴአትር፣ እዚሁ ቴምዝ ዳር፣ የሼክስፒርን ኪንግ ሊር አዘጋጀ። አዘጋጁ ሳም ሜንዴስ፣ ንጉሡ ሳይመን ራስል ቢል። ከባድ ሚዛኖች ናቸው። ፓፓ ትንሽ ቦታ ይጫወታል። ከዚያ ሌላ የኤድመንድ ተጠባባቂ ነው። ኤድመንድ አባቱንና ወንድሙን የሚያባላ፣ ተንኮለኛ ግን ተመልካች የሚወደው ዲቃላ ልጅ ነው። ትልቅ ቦታ ነው።

የተጠባባቂ ተዋናይን ሥራ ለማታውቁት ላስረዳ። የሌላውን ሰው ቃለ ተውኔት በሙሉ ታጠናለህ። የት እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚዞር፣ ሰይፉን በየትኛው እጁ እንደሚመዝ ታውቃለህ። ከሌሎች ተጠባባቂዎች ጋር ባዶ አዳራሽ ውስጥ ትለማመዳለህ። ከዚያ በየማታው ያ ሰው በሰላም መጥቶ፣ ተጫውቶ፣ ተጨብጭቦለት ወደ ቤቱ ሲሄድ ታያለህ። አብዛኛው ተጠባባቂ ትርኢቱ እስኪያበቃ አንድ ቀን እንኳ አይወጣም። ማንም ያንን ሁሉ ማጥናቱን ሳያውቅለት በቃ ይረሳል።

አንድ ምሽት ኤድመንድን የሚጫወተው ሳም ትሮውተን በትርኢቱ መሃል ድምፁ ጠፋ። ልብ በሉ፣ በመሃል! ጠዋት ተደውሎልህ "ዛሬ አንተ ነህ" ቢባል ቢያንስ የምትጸልይበት ጊዜ አለ። እዚህ ተመልካቹ ተቀምጧል፣ ታሪኩ እየሄደ ነው፣ ኤድመንድን ሌላ ሰው ሆኖ ሲያዩት ቆይተዋል። ፓፓ ገባና ቀጠለ። ሃያ ሦስት ወይም ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ትርኢቱን ጨረሰው። ስሙ በቴአትር ሰዎች ዘንድ መነሣት የጀመረው ከዚያች ማታ ወዲህ ነው።

"ዕድል ነው" ትሉ ይሆናል። አዎ፣ የሰው ድምፅ መዘጋቱ ዕድል ነው። ግን ቃለ ተውኔቱን ማወቁ ዕድል ነው?

ቀጥሎ ብሪስቶል ሄዶ በ2015 ሮሚዮን ተጫወተ። ትንሽ ቴአትር ቤት፣ ድሮ የትምባሆ ፋብሪካ የነበረ ሕንፃ ውስጥ። ከዚያ 2016 መጣ። ሼክስፒር ከሞተ 400 ዓመት የሞላበት ዓመት ነው። አገሩ በሙሉ ሼክስፒር ሼክስፒር ይላል። በዚያ ዓመት ሮያል ሼክስፒር ካምፓኒ ሐምሌትን ለፓፓ ሰጠው። ሃያ አምስት ዓመቱ ነው። በዚያ ካምፓኒ ታሪክ ሐምሌትን የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ተዋናይ ሆነ።

ትልልቆቻችሁ ሐምሌትን በሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም የምታውቁት ናችሁ። ስለዚህ ሐምሌት በጥቁር ሰው አፍ ሲናገር ለእናንተ ብርቅ አይደለም። እኛ አገር ዴንማርካዊው ልዑል ከጥንት ጀምሮ ሐበሻ ነው! እዚህ ግን ያ ነገር በካምፓኒው መድረክ እስኪመጣ 2016 መድረስ ነበረበት። ይሄ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

አዘጋጁ ሳይመን ጎድዊን ታሪኩን ዘመናዊ ምዕራብ አፍሪካን በሚመስል ዓለም ውስጥ አስቀመጠው። ከበሮ አለ፣ ደማቅ ልብስ አለ። ተዋናዮቹ አብዛኞቹ ጥቁሮች ናቸው። ሐምሌት ውጭ አገር ተምሮ ለአባቱ ቀብር የተመለሰ ወጣት ነው። እስቲ አስቡት፣ ከውጭ ተምሮ ሲመለስ አባቱ ሞቶ፣ እናቱ አጎቱን አግብታ፣ ዘመድ ሁሉ ምንም እንዳልተፈጠረ ሲደግስ የሚያገኝ ልጅ። ይሄን ታሪክ ለመረዳት ፒኤችዲ አያስፈልግም። ሐምሌት አበድኩ ብሎ ቀለም ይረጫል፣ ግድግዳ ላይ ይስላል፣ ቀለም የተለቀለቀ ሱፍ ለብሶ ይዞራል። ያ ሥራ በ2018 እንግሊዝን ዞሮ ሃክኒ ኤምፓየር ደረሰ፣ ዋሽንግተንም ተሻገረ። ሃክኒ ለዋልተምስቶው ልጅ ሰፈሩ ማለት ነው።

አንድ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር ልንገራችሁ። በ2016 በኤፕሪል 23፣ ለሼክስፒር መታሰቢያ ከስትራትፎርድ በቢቢሲ የተላለፈ ትልቅ ዝግጅት ነበር። ፓፓ ወጥቶ ያንን ታዋቂ "መሆን ወይስ አለመሆን" የሚለውን መስመር ሊል ሲጀምር አንዱ ገብቶ "ኧረ እንደዚያ አይባልም፣ ይሄኛውን ቃል አጥብቀህ በል" ይለዋል። ከዚያ ሌላው። ቤኔዲክት ከምበርባች ገባ፣ ዴቪድ ቴናንት ገባ፣ ኢያን ማኬለን ገባ፣ ጁዲ ዴንች ገባች። መድረኩ በታላላቆች ተጨናነቀ። ሁሉም ለልጁ ያስተምራሉ። በመጨረሻ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ያኔ ልዑል፣ አሁን ንጉሥ የሆኑት ቻርልስ። እሳቸውም የራሳቸውን አባባል ይዘው መጡ። ቀልድ ነው፣ ተጽፎ የተሠራ ነው። ግን መሃል ላይ የቆመውን እዩት፤ ገና ሐምሌትን የጀመረ የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ሆኖ ከነዚያ ሰዎች ጋር ሲቆም አንዴም አይደናገጥም። ቤት ስትገቡ ፈልጋችሁ ተመልከቱት።

በዚያው ዓመት በስትራትፎርድ ሌላ ኪንግ ሊር ተዘጋጀ። ኤድመንድን ማን ተጫወተው? ፓፓ። አሁን በተጠባባቂነት ሳይሆን ቦታው የራሱ ሆኖ። ለሁለቱ ሥራዎች የኢያን ቻርልሰን ሽልማትን አንደኛ ወጣ። ይሄ ከሠላሳ ዓመት በታች ላሉ፣ የጥንት ድንቅ ተውኔቶችን ለሚጫወቱ ተዋናዮች የሚሰጥ ነው። ኢያን ቻርልሰን በ1989 ናሽናል ቴአትር ውስጥ በጠና ታሞ እያለ ሐምሌትን የተጫወተ ሰው ነው። ብዙም ሳይቆይ በ1990 መጀመሪያ በኤድስ ምክንያት አረፈ። ፓፓ የተወለደው በዚያው ዓመት ነው።

ቴሌቪዥኑ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው በደንብ የመጣው። ትንንሽ ሥራዎች ቀደም ብለው ነበሩ። በ2020 ጋንግስ ኦፍ ለንደን ላይ የአንድ ባለጸጋ ወንበዴ ቤተሰብ ልጅ ሆኖ ታየ። በዚያው ዓመት የክፍል ጓደኛው ሚካኤላ ኮል የጻፈችው፣ ራሷም የምትጫወትበት፣ አይ ሜይ ዲስትሮይ ዩ የተባለ አሥራ ሁለት ክፍል ድራማ በቢቢሲ ወጣ። ስለ ጾታዊ ጥቃት ነው። ፓፓ ክዋሜ የተባለውን ጓደኛዋን ይጫወታል። ጥቃቱ ወንድ ላይ ሲደርስ፣ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ሲናገር ሰሚው እንዴት እንደሚያፍርና እንደሚያጣድፈው ያሳያል። ያቺን የፖሊስ ጣቢያ ትዕይንት ሳይ ትንፋሼን ይዤ ነው የጨረስኩት። ለልጆች የሚሆን አይደለም፣ ወላጆች ቀድማችሁ እዩት። ለዚያ ሥራ በእንግሊዝ ለባፍታ፣ በአሜሪካ ለኤሚ ሽልማት ዕጩ ሆነ።

ያኔ ነው "ይሄ ልጅ ከየት መጣ?" የተባለው። ጋዜጦቹ አዲስ ኮከብ አሉት። አዲስ! ስምንት ዓመት መድረክ ላይ ኖሯል እኮ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በጥድፊያ ልበለው። ዘ ላዛረስ ፕሮጀክት ላይ ዋና ገጸ ባሕርይ፣ ዘ ካፕቸር ሁለተኛው ሲዝን ላይ ፖለቲከኛ፣ ብላክ ሚረር ላይ ደግሞ የዲስኮ ዘመን ዘፋኝ አለባበስ ያለው ሰይጣን! የእኔን ትኩረት የሚስበው ግን ሌላ ነው። ቴሌቪዥኑ ከጠራው በኋላ መድረኩን አልተወም። በ2022 ኦልድ ቪክ፣ በ2023 ናሽናል ቴአትር፣ በ2024 ብቻውን የሚጫወተው ተውኔት። በ2025 መጨረሻ ደግሞ ስኔፕ መሆኑ ከተነገረ በኋላ፣ ዊንድሃምስ ቴአትር ከብራያን ክራንስተን ጋር ቆመ። ገንዘቡ ያለው ካሜራው ዘንድ ነው። እሱ ግን በየማታው ከሰው ፊት መቆሙን ይመላለስበታል።

እዚህ ላይ የምለውን ስሙኝ፣ ለዚህ ነው የመጣሁት። ናሽናል ቴአትርም ሮያል ሼክስፒር ካምፓኒም ከቲኬት ሽያጭ በተጨማሪ ከሕዝብ ገንዘብ ድጎማ ያገኛሉ። የመንግሥት ግብርና የሎተሪ ገንዘብ ኪነ ጥበብን በሚደግፈው አርትስ ካውንስል በኩል ይደርሳቸዋል። አንድ ቴአትር ቤት ትኩስ ተመራቂን ቀጥሮ ትንሽ ቦታ ሰጥቶ፣ የሌላውን ቃል አስጠንቶ፣ ዓመታት ጠብቆ ሐምሌት ሊያደርገው የሚችለው በዚህ አቅም ነው። ትርፍ ብቻ የሚያይ ሰው ለማይታወቅ ልጅ ዓመታት አይጠብቅም። ይሄን ገንዘብ ማን ያዋጣል? ሌሊት ታክሲ የሚነዳው፣ ሆስፒታል የምታድረው፣ ሱቅ የከፈተው፣ እናንተ። ሎተሪ የምትቆርጡትንም አውቃለሁ፣ ስም አልጠራም።

ታዲያ ከፍለን ለምን አንገባም? ወጣቶች፣ ሁለቱም ቤቶች ለእናንተ ዕድሜ ቅናሽ ቲኬት አላቸው። ናሽናል ከ16 እስከ 25፣ ስትራትፎርድ ከ14 እስከ 25። አንድ ሲኒማ ከምትገቡበት ብዙም አይበልጥም፣ አንዳንዴም ያንሳል። ድረ ገጻቸው ላይ መመዝገብ ነው።

ወላጆች፣ ልጃችሁ "ድራማ ልማር" ቢላችሁ ወዲያው "ሕክምናስ?" አትበሉት። መጀመሪያ ይሄን ጠይቁት፦ የት ነው የምትማረው፣ ስንት ነው፣ እስካሁን ስንት ቴአትር አየህ? ሦስተኛውን መመለስ ካቃተው ችግሩ እዚያ ጋ ነው፣ መፍትሔውም ርካሽ ነው።

እኔ የያዝኩት ይህን ነው። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ስለ ስኔፕ ፀጉር ግን አትጠይቁኝ። አመሰግናለሁ።