ፎርማት ከማስደረጋችን በፊት እናዳምጠው

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

የቅዳሜ ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። አዳማ ላይ ኮምፒውተር መጠገን ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። ሱቄ የሚመጣ ሰው ገና በሩ ላይ ሆኖ የሚለኝ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ስሎው ሆነብኝ፣ ደግሞ ይጮሃል፤ በቃ ፎርማት አድርግልኝ።» ዛሬ የመጣሁት ይህችን «ፎርማት» የምትባል፣ ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ማለት የሆነች ቃል ልከራከራት ነው።

ባለፈው ሚያዝያ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ኮምፒውተራቸውን በነጠላ ጠቅልለው በባጃጅ ይዘውልኝ መጡ። «ልጄ፣ ሲበራ እንደ ወፍጮ ያጓራል» አሉኝ። ሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ ፎርማት ተደርጎላቸዋል፣ ሁለቴም ከፍለዋል። በመጀመሪያው ፎርማት የሟች ባለቤታቸው ፎቶዎች አብረው ጠፉ። «እትዬ፣ ውስጡ የሚፈልጉት ነገር አለ?» ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ጩኸቱ ግን እዚያው ነበር።

ሁለት ብሎን ፈትቼ የጎን ክዳኑን ሳነሳ፣ ፕሮሰሰሩን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን አንጎል፣ የሚያቀዘቅዘው ብረት ጭራሽ አይታይም። በቀጫጭኑ የብረት ክንፎች መካከል አቧራው እንደ ባዘቶ ተጋግሮ፣ በጣቴ ስስበው ተያይዞ ወጣ። ከሥሩ ያለው ቴርማል ፔስትም፣ ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ ብረቱ የሚያሻግረው ቅባት፣ ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አቧራው አየር ሲከለክለው ፕሮሰሰሩ ይግላል። ሲግል ፋኑ፣ ማራገቢያው፣ ሊያቀዘቅዘው በኃይል ይሽከረከራል፤ ጩኸቱ ከዚህ ይመጣል። ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ደግሞ ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ መንቀራፈፉም ከዚሁ ነው። ፎርማት ከዚህ አቧራ አንዷን ቅንጣት አያራግፍም።

እኛ አዳማዎች ደግሞ ከሌላው የበለጠ መጠንቀቅ አለብን። ኮረብታው ላይ የቆሙት የአዳማ አንድና የአዳማ ሁለት የንፋስ ኃይል ማመንጫ ተርባይኖች በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዘው እዚህ የተተከሉት ንፋሳችን ጠንካራ ስለሆነ ነው። ያው ንፋስ ነው አቧራውን በመስኮት የሚያስገባልን። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ከወለል ላይ አንሱት፤ ሲሠራም ጨርቅ አታልብሱት።

ለማጽዳት ብላችሁ ግን እባካችሁ ጎሚስታ ጋ ወስዳችሁ አታስነፉት። የዚያ አየር ግፊቱ ከባድ ነው፣ ውሃም ይዞ ይወጣል። ሶኬቱን ንቀሉ፤ ከነቀላችሁ በኋላ ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ተጫኑት፣ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲያልቅ። የኬዙን ብረት ነክታችሁ፣ በአዲስና ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ። ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣታችሁ ያዙት። የኤሌክትሪክ ገመዱ የሚገባበትን ሣጥን፣ ፓወር ሰፕላዩን፣ በፍጹም አትፍቱት፤ ተነቅሎም ቢሆን ኤሌክትሪክ ይይዛል።

ድምፁን ለዩ። እንደ ንፋስ የሚያጓራ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሙቀትና አቧራ ነው። ዘይት እንዳጣ የጋሪ ጎማ ሲጢጥ የሚል ከሆነ የፋኑ ኩሽኔታ አልቋል፣ ፋኑ ይቀየራል። ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ የሚል ከሆነ ግን እጃችሁን ሰብስቡ! ይህ ፋይላችሁ የሚቀመጥበት የሃርድ ዲስኩ ድምፅ ሊሆን ይችላል። ደጋግማችሁ አታጥፉት፣ አታብሩት። መጀመሪያ ፎቶውን፣ የልጆቹን የትምህርት ፋይል፣ የሱቁን ሒሳብ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። አልገለብጥ ካለ አጥፉትና የጠፋ ፋይል ማውጣት ለሚችል ባለሙያ ስጡ። በዚህ ሰዓት «ፎርማት ላድርገው» የሚላችሁን ሰው እሺ አትበሉት።

ሳይጮህ የሚንቀራፈፈው ሌላ ጉዳይ ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ስትጫኑ ታስክ ማናጀር፣ ኮምፒውተሩን ምን እንዳጨናነቀው የሚያሳየው መስኮት፣ ይከፈታል። እዚያ ላይ ዲስኩ ሁልጊዜ 100 ፐርሰንት ላይ ከተቸነከረ፣ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ዲስክ መቀየር ኮምፒውተሩን እንደ አዲስ ያደርገዋል። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር አካል ስለሌለው ድምፅም የለውም። የሞላው ሜሞሪው፣ ማለትም ራሙ፣ ከሆነ ራም ይጨመራል። ምንም ሳትከፍቱ ፕሮሰሰሩ የሚደክም ከሆነ ከፍላሽ የገባ ቫይረስ ጠርጥሩ። ቫይረሱ ሥር ከሰደደ፣ ያን ጊዜ፣ ፋይላችሁ በሌላ ቦታ ከተቀመጠ በኋላ፣ ፎርማት ቦታው ነው።

የመምህርቷን ኮምፒውተር ጠርጌ፣ ፔስቱን ቀይሬ ሳበራው ጸጥ አለ። ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡና «በርቷል እንዴ?» አሉኝ። ፎቶዎቹን ግን ሦስት ቀን ሞክሬ ልመልስላቸው አልቻልኩም፤ ፎርማት በተደረገው ዲስክ ላይ ሌላ ነገር ተጽፎበት ነበር።

ይህ ጠረጴዛው ላይ ያለው የአንድ ጎረቤታችን ነው፤ ፋይሉ ተገልብጧል፣ ሶኬቱም ተነቅሏል። ከኋላ ያላችሁ ቀረብ በሉ፣ አሁን ልከፍተው ነው።